ሦስተኛው ባትሪ

በጅማ ዕድሜውን ጠግቦ የሞተ ባትሪ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው ሁሉ ተገድሎ ነው የሚመጣልኝ። አንዱ ከጉድጓድ የቀዳውን ውሃ ይጨምርበታል። ሌላው ውሃው እስኪደርቅ ክዳኑን ከፍቶ አያየውም። ደግሞ አለ፣ ሳያስረው በገጠሩ ኮረኮንች ላይ ሲያንገጫግጨው ከርሞ ውስጡ የተደረደሩትን የእርሳስ ሳህኖች የሚያረግፋቸው። ሦስት ዓመት፣ ከያዙት አራት ዓመት የሚያገለግለውን ዕቃ በስድስት ወር ቀብረውት ሲያበቁ ወደ እኔ ይመጡና "ኑሪ፣ ባትሪህ ምን ነካው?" ይሉኛል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ይህን ጥያቄ ሳልናደድ የመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ንዴተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ "አንተን ያማጥኩህ በርበሬ ስቀነጥስ ነው" ትለኝ ነበር።

ሱቄ ጊንጆ ሰፈር ነው፣ ከሙኒር ጎሚስታው አጠገብ። እሱ ጎማ ይለጥፋል፣ እኔ ባትሪ አድሳለሁ፣ እሞላለሁ፣ እሸጣለሁ። ከእጄ የወጣ ባትሪ ሁሉ ሽቦው በሚታሰርበት የእርሳስ ጫፉ ላይ በሚስማር የጫርኩት ቀን አለው። ሌላው ነጋዴ ወረቀት ይሰጣል፤ እኔ ያችን ጭረት ነው የምሰጠው። "የኑሪ ጭረት አለበት" ከተባለ ከመንደራ ቆጪ እስከ ሰቃ ያለ ሹፌር ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛል። ስሜ ማለት እሷ ናት፤ በስሜ የመጣብኝን ደግሞ አልምርም።

ዳጊ ሦስተኛውን ባትሪ ይዞ የመጣው በኅዳር፣ የቡናው ለቀማ በተጋጋለበት ሰሞን ነው። ከሰቃ ጅማ በሚኒባስ ሰው የሚያመላልስ፣ ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ ነው። የታላቅ እህቴ የሀዋ የአጥር ጎረቤት ስለሆነ ወደ እኔ የላከችውም እሷ ነበረች። በአንድ ዓመት ከሩብ ውስጥ ሁለት ባትሪ ሸጬለት ሁለቱም በአምስት በአምስት ወራቸው ሞተውበታል። ሁለተኛው ሲሞት ተቆጥቶ ነበር፤ ለስሜ ብዬ ሦስተኛውን በነጻ ሰጠሁት።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ከባጃጅ ወረደ፣ ባትሪውን በሁለት እጁ እስከ ደረቱ አነሳና ከሱቄ ደፍ ላይ ወረወረው። ጎኑ ተሰነጠቀ። የተረጨው አሲድ ሱሪዬን አልፎ ቁርጭምጭሚቴን ለበለበኝ።

"እንካ! ሬሳህን ውሰድ!" አለኝ። ሁልጊዜ "እርስዎ" እያለ ነበር የሚያናግረኝ።

"ምነው ልጄ፣ ሰላምታ የለም?" አልኩት፣ እግሬ ላይ ውሃ እያፈሰስኩ።

"የምን ሰላምታ! ሦስቱም በአምስት ወር! ትናንት ሰው ሞልቼ አልነሳ አለኝ። ሲገፉኝ የሰቃ ሰው በሙሉ ወጥቶ ሳቀብኝ። አሮጌ ባትሪ ቀለም እየቀባህ ነው የምትሸጠው! ሌባ ነህ!"

"ምን አልከኝ?"

"ሌባ!"

ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ወደ እሱ አንድ እርምጃ ስራመድ ጡጫው አፌ ላይ አረፈ፤ ጥርሴ ከንፈሬን ሰነጠቀው። በእጄ ቁልፍ ነበር፣ ማሰሪያ የምፈታበት ብረት። በሱ ትከሻውን አቀመስኩት። ተያይዘን አሲዱ ላይ ወደቅን። ጉሮሮዬን ይዞ ሲያንቀኝ ጆሮውን ያዝኩና ጭንቅላቱን ከሲሚንቶው ጋር አላተምኩት። ሙኒር የጎማ መፍቻውን ብረት በመሃላችን አስገብቶ ባይፈለቅቀን ኖሮ ከሁለት አንዳችን ያን ቀን እንሞት ነበር።

"ያ ነማ! እናንተ ሰዎች፣ ተው እንጂ!" አለ ሙኒር። "ለባትሪ ነው የምትጋደሉት?"

"ለስሜ ነው!" አልኩ፣ ደሜን እየተፋሁ። "ማንም እንዳይሄድ! መጋዝ አምጡልኝ፣ በሰው ፊት እከፍተዋለሁ!"

ሰው ተሰበሰበ። የቀረውን አሲድ ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩ፣ ክዳኑን ዙሪያውን በመጋዝ ቆረጥኩ፣ ሳህኖቹን በጉጠት መዝዤ ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። ጤነኛ ሳህን አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ግራጫ ነው። የዚህ ባትሪ ሳህኖች ግን ሁሉም ነጭ ቅርፊት ተጋግሮባቸው እንደ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሆነዋል። ልቤ በደስታ ዘለለ። ውሸት አልናገርም፤ ያን ነጭ ነገር ሳይ ሠርጌ የደረሰ ነው የመሰለኝ።

"ኑ እዩ!" አልኩ። "ይሄ ባትሪ በረሃብ ነው የሞተው። ሳይጠግብ የሚከርም ባትሪ እንዲህ ይነጣል። አሮጌ ቢሆን ሳህኑ ይበላና ይረግፍ ነበር፤ ይኸው፣ አንድም አልረገፈም! ዳጊ፣ ሰቃ መብራት ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?"

"ሁለት ወር ሆነው።"

"ከዚያስ በፊት?"

"አንድ ሳምንት ይመጣል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል።"

"ታዲያ ቤትህ ውስጥ ስልኩ በምን ይሞላል? አምፖሉ በምን ይበራል? መኪናህን ስታቆም አንድ ሰው ሽቦ እየሰካ ባትሪህን ይጠባዋል። ገዳዩን ጊንጆ መጥተህ አትፈልግ፤ ቤትህ ግባና ፈልግ!"

ከኋላ አንዱ "ሚስቱ ናታ የምትጠባው!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በተሰነጠቀ ከንፈሬ ሳቅሁ።

ዳጊ አልሳቀም። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ጠፋ፤ ቁጣው ሲጠፋ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። ያኔ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም።

"ሩቲ..." አለ ቀስ ብሎ። "አንድ ቀን ስልኳን ከባትሪው ላይ ስትሞላ ይዣት ነበር። ሁለተኛ እንዳትነካው ብዬ..." እጁን አየ። "ሁለተኛ አልነካም ብላ ምላልኛለች፣ ጋሽ ኑሪ።"

"መሐላማ ይማላል" አልኩት።

ማንም ተናገር ሳይለኝ ነው የጨመርኳት። ዳጊ ባጃጁን ሳይጠብቅ በእግሩ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ሙኒር ሰው እስኪበተን ጠብቆ "ደግ አልሠራህም" አለኝ። "ለመሆኑ መኪናውን አይተኸዋል?"

"ባትሪውን አይቻለሁ። ምኑን ነው መኪና የማየው?"

እኛ ዘንድ ሥራው እንዲህ ነው። መኪናው ከቆመበት አይመጣም፤ ባትሪው ብቻ በባጃጅ ተጭኖ ይመጣል። እኔ ሬሳውን አይቼ ገዳዩን እናገራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስፈርድ አንድም ቀን የሰው መኪና ኮፈን ከፍቼ አላውቅም። እንዲያውም እኮራበት ነበር።

ከዙሁር ሶላት ስመለስ ስልኬ ጮኸ። ሀዋ ነበረች።

"ያ ኑሪ! ምን ብለህ ነው የሰደድከው? ልጅቷን ሊጨርሳት ነው! በሩን ከውስጥ ቀርቅሮባታል!"

"ማንን? ሩቲን?"

"ሌላ ማን አለው! 'ኑሪ ነግሮኛል፣ ኑሪ ነግሮኛል' እያለ ነው የሚመታት!"

ከድምጿ ኋላ ሌላ ድምፅ ይሰማል። የሴት ጩኸት ነው፤ ይጮኻል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጮኻል።

"ፖሊስ ጥሩ! ወንድ የለም እንዴ ሰፈሩ ውስጥ?"

"ወንዱ ቡና ለቀማ ወጥቷል፣ መኪናውም ሁሉ ቡና ሊጭን ገጠር ገብቷል። ፖሊስ ልከናል። ከተረፈች እንኳ ሆስፒታል የምናደርስበት የለንም። ደጁ ላይ የቆመው የራሱ ሚኒባስ ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪ የለውም፣ አንተ ጋ አምጥቶት የለም እንዴ!"

ከሞሉት ባትሪዎች አንዱን አነሳሁ። ሙኒር ምንም ሳይጠይቀኝ ሞተር ብስክሌቱን አስነሳ፤ ብረቱንም ያዘ። ባትሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላው ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ የቡና ጆንያ የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር ሙኒር ከአስፋልቱ ይወርዳል፣ ባትሪው ሆዴን ይወቅጠኛል። "ያ ረቢ፣ አትውሰዳት" እያልኩ ነበር። ወዲያው ደግሞ ራሴን እሰማዋለሁ፤ ልመናዬ ለእሷ ይሁን ለራሴ አላውቅም ነበር።

ስንደርስ ሴቶችና ሁለት ሽማግሌዎች የቆርቆሮውን በር በድንጋይ ይደበድባሉ። ሀዋ ነጠላዋ ወድቆ፣ እጇ ደምቶ በሩን ትጎትታለች። ጩኸቱ ቆሟል። ከጩኸቱ ይልቅ መቆሙ አስፈራኝ። ሙኒር ብረቱን ከማጠፊያው ሥር አስገብቶ ሁለት ጊዜ ሲጫነው በሩ ተገነጠለ።

ዳጊ ግቢው መካከል ቆሟል። በቀኝ እጁ የባትሪውን ካቦ፣ ያንን አውራ ጣት የሚያክል ወፍራም ሽቦ፣ ከመኪናው ነቅሎ ጠምጥሞታል። ጫፉ ላይ የእርሳሱ ማሰሪያ ይወዛወዛል። ሩቲ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ሥር በጎኗ ወድቃለች። አንድ ክንዷ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል፣ ግራ ዓይኗ ያለበት ቦታ ሁሉ ደም ነው። እግሯ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

"ጋሽ ኑሪ!" አለኝ ዳጊ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው። "እስካሁን አላምንም አለች። እስቲ እርስዎ ይንገሯት!"

ባትሪውን መሬት ላይ ጣልኩና ሄድኩበት። ካቦውን ሲያወናጭፍ ማሰሪያው ጉንጬን ገነጠለው። እስከዛሬ ጠባሳው አለ። ሁለተኛ ሳያነሳው በግንባሬ አፍንጫውን መታሁት፤ ሲሰበር ሰማሁት። ከወደቀ በኋላም አልተውኩትም። ደረቱ ላይ ተቀምጬ በጡጫ መታሁት፣ ጡጫዬ ሲደማ በክርኔ መታሁት። "ማን ምታት አለህ? ማን ምታት አለህ?" እላለሁ። እየመታሁት እያለ እንኳ መልሱን አውቀው ነበር። ያን ያህል የመታሁት ለሩቲ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ስሜ ከአፉ እንዳይወጣ ነበር።

ሀዋ በፀጉሬ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝ። "በቃ! እሱን ገድለህ እሷም ትሙት? መኪናውን አስነሳ አንተ እንስሳ!"

ሙኒርና ሽማግሌዎቹ ዳጊን በጆንያ ገመድ ጠፈሩት። እኔ ባትሪውን ይዤ ወደ ሚኒባሱ ሮጥኩ። ከቦታው አስቀመጥኩት፤ የሚያያይዘው ግን አልነበረም። ተመልሼ ካቦውን ከመሬት አነሳሁ። ማሰሪያው ላይ ደምና ረጃጅም ፀጉር ተጣብቆበታል። ሌላ ካቦ የለም፣ የምንጠብቀውም ጊዜ የለም። በሸሚዜ ጠረግኩና አሰርኩት። የማሰሪያው መፍቻ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። የመኪናውን ቁልፍ ስጠመዝዝ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

ሩቲን በብርድ ልብስ አንስተው ከኋላ አስተኟት። ሀዋ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ያዘችው። መሪውን እኔ ያዝኩ። ጡሩምባውን ሳልለቅ ከሰቃ ወጣሁ።

መንገዱ ግማሽ ሲደርስ ነው ያየሁት። ከፊቴ፣ ፍጥነት ከሚያሳየው አጠገብ፣ የጥፍር ስፋት ያላት ጥቁር ፕላስተር ተለጥፋለች። ከሥሯ ጠርዝ ጠርዙን ቀይ ነገር ይታያል። በጥፍሬ ላጥኳት። ደብዘዝ ያለች ቀይ መብራት፣ የባትሪ ሥዕል ያለባት፣ ፊት ለፊቴ በራች። ሞተሩ እየጮኸ፣ መኪናው እየበረረ ስትበራ ትርጉሟ አንድ ነው። ዲናሞው ታሟል ማለት ነው። ባትሪውን አይመግበውም፣ ወይም በማንኪያ ነው የሚመግበው። ማንም ሽቦ ሳይሰካበት በአምስት ወር ይነጣል፣ ይሞታል። ሦስትም ቢሆን፣ ሠላሳም ቢሆን እንደዚያው ነው።

ዳጊ መብራቷን አይቷታል። ስላበሳጨችው ሸፈናት፤ እንዲህ የሚያደርግ ሹፌር ሞልቷል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን፣ ከሦስቱ ባትሪ በአንዱ እንኳ፣ "መኪናውን ይዘኸው ና" ብለው ኖሮ ገና በሩን ስከፍት አያት ነበር።

"አልነካሁም" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሩቲ ነበረች። "ዳጊ... በጌታ ስም... አልነካሁትም። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።" የሚነዳው ሰው እሱ መስሏት ነበር።

"እናውቃለን የኔ ልጅ" አለቻት ሀዋ። "ዝም በይ፣ ትንፋሽሽን ያዢ።" ከዚያም ለእኔ፣ "ለምን ታለቅሳለህ? ንዳ!"

ሆስፒታል ስንደርስ በአልጋ እየገፉ ወሰዷት። ሀዋ ተከትላት ገባች። እኔ ግቢው ውስጥ ቀረሁና ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፈትኩ። የቮልት መለኪያዬ ሁሌም ኪሴ ውስጥ ነው። ደሙ ያልለቀቀው ማሰሪያ ላይ ሰካሁት። አሥራ አራት ቮልት መሆን ነበረበት፤ አሥራ ሦስት እንኳ አልሞላም። አሁንም አላመንኩም፤ ጠርጌ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። ከጎማው ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን ጮህኩ። የጥበቃ ሠራተኛው የሞተብኝ ሰው ያለ መስሎት "አይዞዎት አባቴ" አለኝ።

ማምሻውን ፖሊስ መጥቶ ቃሌን ተቀበለ። ማን እንደመታት፣ በምን እንደመታት ነገርኩት። ጉንጬን አይቶ ጻፈ። "ደግሞ ይሄን ጻፍ" አልኩት፣ "ገዳዩን ቤትህ ግባና ፈልግ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሕተት ነበር።" ብዕሩን አነሳና ትንሽ አሰበ። "ይሄን ለሷ ይንገሯት" አለኝ፤ አልጻፈውም።

ሩቲ አልሞተችም። ክንዷን ብረት አስገብተው ጠገኑት፤ ግራ ዓይኗን ግን አወጡት። ዳጊ ታስሯል። ስድስት ቀን ሆስፒታሉ በር ድረስ እየሄድኩ ተመለስኩ። በሰባተኛው ቀን ሀዋ "ወይ ግባ፣ ወይ ሁለተኛ በዚህ መንገድ እንዳላይህ" ስትለኝ ገባሁ።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ከግማሽ በላይ በፋሻ ተሸፍኗል። ቆሜ የተለማመድኩትን ሁሉ ነገርኳት። ባትሪውን እንዴት እንደከፈትኩ፣ ምን እንዳልኩ፣ "መሐላማ ይማላል" ማለቴን ጭምር አልተውኩም። ስለ ቀይዋ መብራት ነገርኳት፣ ስለ ፕላስተሩ፣ ስለ ዲናሞው። ለመኪናው አዲስ ዲናሞ እንደታሰረለትም ነገርኳት፣ ምን እንደሚረባት እንጃ። ጊንጆ ያን ቀን የነበረውን ሰው ሁሉ ሰብስቤ እንደተሳሳትኩ መናገሬን፣ ማንም ቢሆን አሁን እሷን እንደማይጠረጥራት ነገርኳት።

"ንጹሕ ነበርሽ" አልኳት። "አልነካሽውም። ሰው ሁሉ አሁን ያውቃል። የመጣሁት ይህን ልነግርሽ ነው፣ ይቅር በይኝ።"

ሀዋ ብርቱካን እየላጠች ነበር፤ መላጧን አቆመች።

"ጋሽ ኑሪ" አለችኝ ሩቲ፣ "ነክቼው ቢሆንስ ኖሮ?"

በቀረችው ዓይኗ ታየኛለች፤ መልሴን እየጠበቀች ነበር።